ሁለት ላይብረሪ አንድ ስም ሲያመጡ፦ በሃስኬል የኢምፖርት ግጭትን የመፍታት ዝርዝር መመሪያ

ሃስኬል የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የጀመረ ሰው ዳታ.ማፕን ወይም ዳታ.ቴክስትን የመሰለ ሞጁል (የተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስብስብ) ወደ ፋይሉ ባስገባ፣ ማለትም ኢምፖርት ባደረገ ማግስት አንድ ኤረር ይገጥመዋል። ኮምፓይለሩ «ይህ ስም ከሁለት ቦታ መጥቷል፤ የትኛውን ልውሰድ?» ይለዋል። አብዛኛው ሰው ያገኘውን የመጀመሪያ መፍትሔ ለጥፎ ያልፋል። ላይብረሪው በታደሰ ጊዜ ግን ያው ኤረር በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣል። እዚህ የምናሳየው ኤረሩን ለዛሬ ማስወገድ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ስም ከየት እንደመጣ ፋይሉን በማየት ብቻ እንዲታወቅ አድርጎ መጻፍን ነው።

የሚያስፈልገው ጂኤችሲ የተባለው የሃስኬል ኮምፓይለር 9.6 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ስሪት ነው። ምሳሌዎቹ የሚጠቀሙባቸው ኮንቴይነርስ፣ ቴክስትና ባይትስትሪንግ የተባሉት ጥቅሎች ከጂኤችሲ ጋር አብረው ይጫናሉ። ስለዚህ ጂኤችሲ አንዴ ከተጫነ በኋላ ጎንደር ላይ ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓትም ሁሉንም መሞከር ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ከወዲሁ እንስማማ። የሃስኬል ቃላት እዚህ የተጻፉት እንደሚነበቡት ነው፤ ስትተይቧቸው ግን በላቲን ፊደል ይሁን። የሞጁልና የታይፕ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ የፈንክሽን ስም በትንሽ። እንደ ነገሥታት፣ ዘመኑ፣ ስም ያሉት የራሳችን ስሞች ግን እንዳሉ በግዕዝ ፊደል ይተየባሉ። ጂኤችሲ ይህን ይቀበላል፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ደረጃ 1፦ ግጭቱን ሆን ብላችሁ ፍጠሩት

ሜይን.ኤችኤስ የሚባል ፋይል ክፈቱና ይህን ጻፉ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

```
ኢምፖርት ዳታ.ማፕ.ስትሪክት

ነገሥታት = ፍሮምሊስት
  [ ("ፋሲለደስ", (1632, 1667))
  , ("ቀዳማዊ ዮሐንስ", (1667, 1682))
  , ("አድያም ሰገድ ኢያሱ", (1682, 1706))
  , ("በካፋ", (1721, 1730))
  , ("ብርሃን ሰገድ ኢያሱ", (1730, 1755)) ]

ዘመኑ ስም = ሉክአፕ ስም ነገሥታት

ሜይን = ፕሪንት (ዘመኑ "በካፋ")
```

ራንጂኤችሲ ብላችሁ ስታስኬዱት ፕሮግራሙ ሳይጀምር ይቆማል። መልእክቱ በዚህ መስመር ይጀምራል፦

```
ሜይን.ኤችኤስ:10:10: ኤረር: [ጂኤችሲ-87543]
    አምቢጉየስ ኦከረንስ ‘ሉክአፕ’
```

ከሥሩ ሁለት አማራጭ ይዘረዝራል፦ ወይ ፕሬሉድ.ሉክአፕ፣ ወይ ዳታ.ማፕ.ስትሪክት.ሉክአፕ። የእያንዳንዳቸው መግቢያ መስመርም አብሮ ይጻፋል። ይህን መልእክት በጥንቃቄ ማንበብ የሥራው ግማሽ ነው።

10:10 ማለት አሥረኛው መስመር፣ አሥረኛው ፊደል ነው፤ ይህም ሉክአፕ የተጠራበት ቦታ እንጂ ኢምፖርት የተደረገበት አይደለም። ዳታ.ማፕ.ስትሪክት የገባው በ1:1-22 ነው ይላል፤ ይህ የኢምፖርት መስመሩ ነው። ፕሬሉድም በ1:1 እንደገባ ይናገራል፣ ይሁንና እናንተ ፕሬሉድን የትም አልጻፋችሁም። ጀማሪን ግራ የሚያጋባው ይህ ነው። ፕሬሉድ ማንም ሳይጠራው በእያንዳንዱ ፋይል ውስጥ የሚገባ መሠረታዊ ሞጁል ስለሆነ ኮምፓይለሩ አድራሻ ሲያጣለት የፋይሉን መነሻ ይሰጠዋል። ፋይላችሁ «ሞጁል ሜይን ዌር» በሚል መስመር የሚጀምር ከሆነ ደግሞ በዚያ መስመር ላይ ያለውን የሞጁል ስም ያመለክታል።

ልብ በሉ፦ ዳታ.ማፕ.ስትሪክት ከፕሬሉድ ጋር የሚጋጨው በሉክአፕ ብቻ አይደለም። ፊልተር፣ ፎልድአር፣ ነል፣ ቴክ፣ ድሮፕ፣ ስፕሊትአት እና ትንሹ ማፕ ሁሉም በሁለቱም አሉ። ኮምፓይለሩ ግን ስለ አንዱም አላጉረመረመም። በሃስኬል ግጭት የሚቆጠረው ስሙ ሲገባ ሳይሆን ስሙ ሲጠራ ነው። ዛሬ በሰላም የተነሣ ፋይል ነገ አንድ መስመር ፊልተር ስለጨመራችሁ ብቻ የሚወድቀው በዚህ የተነሣ ነው።

ሁለተኛም፣ አንድ ስም በሁለት መንገድ መምጣቱ ብቻውን ግጭት አይሆንም። ፎልድአር ከፕሬሉድም ከዳታ.ሊስትም ይገኛል፤ ሁለቱንም ብታስገቡ ኤረር የለም፣ ምክንያቱም ያው አንዱ ፈንክሽን በሁለት በር ስለገባ ነው። የዳታ.ማፕ ፎልድአር ግን ስሙ ተመሳሰለ እንጂ ሌላ ፈንክሽን ነው። የትኛው እንደሆነ ለማጣራት ጂኤችሲአይ (ትእዛዝ ጽፋችሁ ወዲያው መልስ የምታዩበት የጂኤችሲ ገጽ) ውስጥ ሁለት ነጥብና ኢንፎ ብላችሁ ስሙን አስከትሉ፤ የተወለደበትን ሞጁል ይነግራችኋል።

ደረጃ 2፦ ኳሊፋይድ አድርጋችሁ አስገቡ

ጎንደር ላይ «ኢያሱ» ብቻ ብሎ የሚያወራ ሰው የትኛው እንደሆነ ይጠየቃል፦ አድያም ሰገድ ወይስ ብርሃን ሰገድ? ከፊት የሚገባው ስመ መንግሥት ጥያቄውን ይዘጋዋል። ኳሊፋይድ ኢምፖርትም ይህንኑ ነው የሚሠራው፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ሞጁሉን ያስቀምጣል።

የፋይሉን መግቢያ እንዲህ ለውጡት፦

```
ኢምፖርት ዳታ.ማፕ.ስትሪክት (ማፕ)
ኢምፖርት ኳሊፋይድ ዳታ.ማፕ.ስትሪክት ኤዝ ማፕ

ነገሥታት :: ማፕ ስትሪንግ (ኢንት, ኢንት)
ነገሥታት = ማፕ.ፍሮምሊስት [ ... ]

ዘመኑ :: ስትሪንግ -> ሜይቢ (ኢንት, ኢንት)
ዘመኑ ስም = ማፕ.ሉክአፕ ስም ነገሥታት
```

አሁን ስታስኬዱት ጀስት (1721,1730) የሚል መልስ ይመጣል። በመግቢያው ላይ ሁለት መስመር የጻፍነው ሆን ብለን ነው። የመጀመሪያው የታይፑን ስም ብቻ ያለ ቅድመ ቅጥያ ያስገባል፤ ያ ባይኖር በየታይፕ ፊርማው (:: ባለበት መስመር) ላይ ማፕ.ማፕ እያልን ልንጽፍ ነበር። ሁለተኛው የቀረውን ሁሉ ከቅጥያ ጋር ያመጣል። የሞጁል አጭር ስምና የታይፕ ስም በተለያየ መዝገብ ስለሚያዙ ሁለቱም «ማፕ» መባላቸው ችግር የለውም።

ኳሊፋይድ የሚለውን ቃል ረስታችሁ «ኢምፖርት ዳታ.ማፕ.ስትሪክት ኤዝ ማፕ» ብትሉ ኮምፓይለሩ አይቃወምም። ግን ስሞቹ በሁለት መልክ ይገባሉ፦ ከቅጥያ ጋርም፣ ያለ ቅጥያም። ግጭቱ እንዳለ ይቀራል ማለት ነው። ኤረሩ «ኤዝ ጽፌ ለምን አልጠፋም?» ሲያሰኛችሁ መጀመሪያ የምታዩት ይህን ይሁን።

ከጂኤችሲ 8.10 ጀምሮ ኳሊፋይድን ከሞጁሉ ስም በኋላ መጻፍ ይቻላል፦ «ኢምፖርት ዳታ.ማፕ.ስትሪክት ኳሊፋይድ ኤዝ ማፕ»። የሞጁሎቹ ስም በአንድ ቀጥታ መስመር ስለሚደረደር ለዓይን ይቀላል። ይህ አጻጻፍ በጂኤችሲ2021 ደንብ ውስጥ ስለተካተተ በ9.2 እና ከዚያ በኋላ ፋይሉን በቀጥታ ስታስኬዱ ያለ ምንም ተጨማሪ ይሠራል። የካባል (የሃስኬል ፕሮጀክት ማደራጃ መሣሪያ) ፋይላችሁ ግን ሃስኬል2010ን እንደ መነሻ ቋንቋ ከያዘ አይሠራም። ብቻውን ሲሄድ የነበረ ፋይል ፕሮጀክት ውስጥ ሲገባ እምቢ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ወይ የቋንቋውን መስመር ቀይሩ፣ ወይ ኢምፖርትኳሊፋይድፖስት የተባለውን የቋንቋ ማስፋፊያ አብሩ።

አጭር ስም ስትመርጡ ብዙ ሰው የለመደውን ውሰዱ፦ ለዳታ.ማፕ ማፕ ወይም ትልቁ ኤም፣ ለዳታ.ሴት ሴት፣ ለዳታ.ቴክስት ትልቁ ቲ፣ ለባይትስትሪንግ ትልቁ ቢ። አንድ ፊደል በአጭር ፋይል ውስጥ ይበቃል። አምስትና ስድስት ሰው በሚጋራው ፋይል ውስጥ ግን ሙሉ ቃል ይሻላል ብለን እናምናለን፤ ሦስት ፊደል ለመቆጠብ ሲባል አንባቢን ወደ ፋይሉ ራስ መመለስ አያዋጣም።

ሁለት ሞጁል በአንድ አጭር ስም ማስገባትም ይፈቀዳል። ዳታ.ቴክስትና ዳታ.ቴክስት.አይኦ ሁለቱም «ቲ» ተብለው መግባታቸው የተለመደ ነው። ይሁንና ዳታ.ማፕንና ዳታ.ሜይቢን ሁለቱንም «ኤም» ብትሏቸው ኤም.ማፕሜይቢ ስትጠሩ ያው 87543 ይመጣል፤ ማፕሜይቢ በሁለቱም አለና። ቅጥያው ራሱ ሁለት ትርጉም ያዘ ማለት ነው።

ስለ ኳሊፋይድ የመጨረሻው ነገር ግጭት ባይኖርም የሚጠቅም መሆኑ ነው። ሌንግዝ፣ ነል፣ ኤለም የተባሉት የፕሬሉድ ፈንክሽኖች በማፕና በሴት ላይም ይሠራሉ። ነገር ግን በሴት ላይ ኤለም እያንዳንዱን አባል በተራ ያያል፤ ሴት.ሜምበር ደግሞ በዛፉ ቅርንጫፍ እየወረደ በጥቂት ንጽጽር ይጨርሳል። ሁለቱም አንድ መልስ ይሰጣሉ፣ ኤረርም የለም፤ መቶ ሺህ መዝገብ ሲገባ ግን ልዩነቱ ይታያል። ቅጥያ መጻፍ የለመደ እጅ ሴት.ሜምበርን ይመርጣል።

ደረጃ 3፦ ጥቂት ስም ብቻ ከፈለጋችሁ ዘርዝሩ

ከአንድ ሞጁል ሁለት ሦስት ስም ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ በቅንፍ መዘርዘር በቂ ነው፦

```
ኢምፖርት ዳታ.ሊስት (ሶርትኦን, ግሩፕባይ)
ኢምፖርት ዳታ.ሜይቢ (ፍሮምሜይቢ)
```

ዝርዝሩ ውስጥ ታይፕ ሲገባ ኮንስትራክተሮቹ (የታይፑን እሴት የሚሠሩት ስሞች) አብረው አይመጡም። እነሱንም ከፈለጋችሁ ከታይፑ ስም አጠገብ ሁለት ነጥብ ያለበት ቅንፍ (..) ጨምሩ። ሞጁሉ የሌለውን ስም ከዘረዘራችሁ ወዲያው ኤረር ነው፤ ይህ ጥሩ ነው፣ የፊደል ግድፈት እዚያው ይያዛል። ባዶ ቅንፍ ብቻ ብትጽፉ አንድም ስም አይገባም፤ ኢንስታንሶቹ (እንደ ሾው ያሉ የጋራ ፈንክሽኖች ለአንድ ታይፕ እንዴት እንደሚሠሩ የሚናገሩት ክፍሎች) ግን ይገባሉ። ኢንስታንስን በዝርዝርም በኳሊፋይድም መምረጥ አይቻልም። ሞጁሉ ከተነካ አብረውት ይመጣሉ። ስለዚህ ሁለት ላይብረሪ ለአንድ ታይፕ ያንኑ ኢንስታንስ ከሰጡ ከዚህ መመሪያ ውስጥ አንዱም አያድናችሁም፤ አንደኛውን ላይብረሪ መተው ወይም ታይፑን በኒውታይፕ መጠቅለል ነው ያለው።

ደረጃ 4፦ ሃይዲንግ፣ በቁጥብነት

«ይህን ስም ተው፣ የቀረውን አምጣ» ማለት ሲያስፈልግ፦

```
ኢምፖርት ፕሬሉድ ሃይዲንግ (ሉክአፕ)
```

ይህ የሚያዋጣው የራሳችሁን ፈንክሽን በዚያ ስም ልትሠሩ ስትፈልጉና የፕሬሉዱን ጨርሶ የማትነኩት ሲሆን ነው። ሌላው ጊዜ ሁሉ ኳሊፋይድ ይበልጠዋል። ለምን እንደሆነ አንድ እውነተኛ ምሳሌ ያሳያል። ብዙ ሰው ዳታ.ማፕን ያለ ቅጥያ አስገብቶ ሉክአፕን፣ ፊልተርን፣ ትንሹን ማፕ፣ ፎልድአርን በሃይዲንግ ይደብቅ ነበር። ፎልድኤል' የሚባለው ፈንክሽን በዚያን ጊዜ ፕሬሉድ ውስጥ ስላልነበር የማፑን ፎልድኤል' ያለ ችግር ይጠራል። ከዚያ ጂኤችሲ 9.10 ቤዝ ከተባለው መሠረታዊ ላይብረሪ 4.20 ስሪት ጋር ሲወጣ ፎልድኤል' ወደ ፕሬሉድ ገባ። ማንም ሰው በፋይሉ ላይ አንድ ፊደል ሳይነካ ኮዱ ወደቀ። ከዚያ በፊትም በቤዝ 4.18 ሊፍትኤ2 በተመሳሳይ መንገድ ገብቷል። የደበቃችሁት የዛሬዎቹን ስሞች ነው፤ ነገ የሚጨመረውን ዛሬ መደበቅ አትችሉም። ማፕ.ፎልድኤል' ብሎ የጻፈ ሰው ግን ምንም አልደረሰበትም።

ሃይዲንግ ላይ ሰው የሚወድቅባቸው ነገሮች አሉ። የደበቃችሁት ስም በሙሉ አድራሻውም አይገኝም፤ «ፕሬሉድ ሃይዲንግ (ሉክአፕ)» ካላችሁ በኋላ ፕሬሉድ.ሉክአፕ ብትሉ ስሙ አልተገኘም ይላችኋል። ያንን ከፈለጋችሁ ሌላ መስመር ጨምሩ፦ «ኢምፖርት ኳሊፋይድ ፕሬሉድ ኤዝ ፒ»። ነገር ግን ያንን መስመር ብቻውን ካስቀመጣችሁት የባሰ ይመጣል። ፕሬሉድን በስሙ የጠራ ማንኛውም የኢምፖርት መስመር በራሱ የሚገባውን ፕሬሉድ ያጠፋዋል፤ የመደመር ምልክት እንኳ ያለ ፒ. አይሠራም። ስለዚህ ወይ ሁለቱን መስመር አብራችሁ ጻፉ፣ ወይ ምንም ሳትነኩ ፕሬሉድ.ሉክአፕ ብላችሁ በሙሉ ስሙ ጥሩት፤ ይህ ሁልጊዜ ይሠራል።

የሌለ ስም መደበቅ ኤረር ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። ይህ በአሮጌና በአዲስ ጂኤችሲ ላይ አንድ ፋይል ለማስኬድ ይጠቅማል፦ ፎልድኤል'ን ከፕሬሉድ የሚደብቅ መስመር በ9.6ም በ9.10ም ያልፋል። ሌላው ደግሞ፣ በሃይዲንግ ዝርዝር ውስጥ በትልቅ ፊደል የሚጀምር ስም ከጻፋችሁ ታይፑም በዚያው ስም ያለው ኮንስትራክተርም አብረው ይደበቃሉ። ከኢምፖርት ዝርዝር ጋር ተቃራኒ መሆኑን አትርሱ።

ምልክቶችና ነጥቡ

ኦፕሬተሮችም ይጋጫሉ። የቃለ አጋኖ ምልክቱ ! በዳታ.ማፕም በዳታ.አሬይም አለ። ቅጥያው ከምልክቱ ፊት ይገባል፦

```
ነገሥታት ማፕ.! "በካፋ"
"በካፋ" `ማፕ.ሜምበር` ነገሥታት
```

በማፕና በነጥቡ፣ በነጥቡና በምልክቱ መካከል ክፍት ቦታ አይገባም። ከገባ ኮምፓይለሩ እንደ ቅጥያ አያነበውም። ተቃራኒውም አለ። ጀስትን ከሾው ጋር የፈንክሽን ማያያዣ በሆነው ነጥብ ለማያያዝ ፈልጋችሁ ጀስት.ሾው ብላችሁ አጣብቃችሁ ብትጽፉ ኮምፓይለሩ «ጀስት በሚባል ሞጁል ውስጥ ያለ ሾው» አድርጎ ያነበዋል፤ ጀስት የሚባል ሞጁል አልገባም ብሎም ይመልሳል። ከትልቅ ፊደል ስም በኋላ የሚመጣ ነጥብ ግራና ቀኙ ክፍት ይሁን። በዚሁ ምክንያት [ፎልስ..] የሚለውም ይወድቃል፤ [ፎልስ ..] በሉት።

የራሳችሁ ስምና የግዕዝ ፊደል

ጂኤችሲ ትልቅና ትንሽ የሚባል ልዩነት የሌለውን ፊደል እንደ ትንሽ ፊደል ይቆጥራል። ስለዚህ የፈንክሽንና የተለዋዋጭ ስም በግዕዝ መጻፍ ይቻላል፤ የሞጁል፣ የታይፕና የኮንስትራክተር ስም ግን በትልቅ ፊደል መጀመር ስላለበት በግዕዝ ፊደል ሊጀምር አይችልም። ለግጭት ይህ ጥሩ ዜና ነው፦ ፈልግ ብላችሁ የሰየማችሁት ፈንክሽን ከሉክአፕ ጋር መቼም አይጋጭም፣ ላይብረሪው ምንም ያህል ቢያድግም።

በጋራ ስትሠሩ ግን እርስ በርስ ትጋጫላችሁ። አንዱ ስለ ነገሥታት ሞጁል ይጻፍ፣ ሌላው ስለ ፋሲል ግቢ ሕንፃዎች። በመጀመሪያው ርዝመት ማለት የንግሥና ዘመን በዓመት ነው፤ በሁለተኛው ርዝመት ማለት የቅጥር ርዝመት በሜትር፣ የፋሲል ግቢ አጥር 900 ሜትር የሚለው። ሁለቱም ኢንት ይመልሳሉ። ሦስተኛው ተማሪ ሁለቱንም ሲያስገባ ርዝመት ላይ ይቆማል። መፍትሔው ያው ኳሊፋይድ ነው፤ ከሁሉ የከፋው አንደኛውን መደበቅ ነው። ታይፑ አንድ ስለሆነ የተሳሳተውን ብትደብቁ ኮዱ ያልፍና ዓመትን ከሜትር ይደምራል።

በራሳችሁ ፋይል ውስጥ ሉክአፕ የሚባል ፈንክሽን ብትሠሩስ? መሥራቱ ይፈቀዳል፤ ስትጠሩት ግን ከፕሬሉዱ ጋር ይጋጫል። ሜይን.ሉክአፕ ብላችሁ በሞጁሉ ስም ጥሩት፣ ወይም ስሙን ቀይሩ። በሌት ወይም በዌር ውስጥ የተሰየመ ስም ግን ሌላ ነው፤ የውጭውን ዝም ብሎ ይሸፍነዋል፣ ኤረርም አይሰጥም። ላይንስ፣ ማክስ፣ አይዲ የሚሉ ስሞችን ለተለዋዋጭ መስጠት የሚያሳስተው በዚህ ነው።

የግዕዝ ስም ለሚጠቀም ሁሉ፦ ለኮምፓይለሩ ዓመትና አመት፣ ንጉሥና ንጉስ ፍጹም የተለያዩ ስሞች ናቸው። ይህ የሚመጣው እንደ ግጭት ሳይሆን «ስሙ አልተገኘም» ተብሎ በጂኤችሲ-88464 ነው፤ ዓይን አንድ አድርጎ ስለሚያነባቸው ብዙ ሰዓት ይበላል። የቡድኑ አባላት የትኛውን ሀ፣ የትኛውን ሰ፣ የትኛውን አና ፀ እንደምትጽፉ ከመጀመሪያው ወስኑ። የማፕ ቁልፎችም ላይ ያው ነው፤ እዚያ እንዲያውም ኤረር የለም፣ መልሱ ናቲንግ ይሆናል። ሁለቱንም ነገሥታት በደፈናው «ኢያሱ» ብላችሁ ብታስገቧቸው ደግሞ ፍሮምሊስት የመጨረሻውን ብቻ ያስቀራል፦ 1730 ይገኛል፣ 1682 ይጠፋል።

ፓክ፦ ለአማርኛ ጽሑፍ አደገኛው ስም

ዳታ.ቴክስትም ዳታ.ባይትስትሪንግ.ቻር8ም ፓክ የሚባል ፈንክሽን አላቸው፤ ሁለቱም ስትሪንግ ይቀበላሉ። ቲ.ፓክ "ኢያሱ" ሦስቱንም ፊደል ይጠብቃል። የቻር8ቱ ፓክ ግን የእያንዳንዱን ፊደል ቁጥር ወደ 8 ቢት ይቆርጠዋል፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ። የኢያሱ ፊደላት ቁጥር 4770፣ 4843 እና 4657 ነው፤ ሲቆረጡ 162፣ 235 እና 49 ይሆናሉ። 49 የ«1» ምልክት ቁጥር ነው፤ ማለትም ሱ አንድ ሆነ። ወደ ፋይል ወይም ወደ ኔትወርክ የሚጽፍ ፈንክሽን ባይትስትሪንግ ስለሚቀበል የታይፕ ምርመራውም አያስጥለውም። ኦቨርሎድድስትሪንግስ የተባለው ማስፋፊያ በርቶ በጥቅስ የተጻፈ ቃል ባይትስትሪንግ ሲሆንም ይኸው ይደርስበታል።

ስለዚህ እነዚህን ሁለት ሞጁሎች በአንድ አጭር ስም በጭራሽ አታስገቡ። ቲ እና ቢ ይለዩ። አማርኛን ወደ ባይት ለመለወጥ ከዳታ.ቴክስት.ኢንኮዲንግ ኢንኮድዩቲኤፍ8ን በስሙ ዘርዝራችሁ አስገቡ፤ ለንባብ ደግሞ ዲኮድዩቲኤፍ8'ን፣ ስሕተቱን በኢዘር የሚመልሰውን።

እግረ መንገድ፦ ፕሪንት "ኢያሱ" ብትሉ "\4770\4843\4657" ይወጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሾው የሚያደርገው ነው። ፑትስትርኤልኤን ተጠቀሙ። ዊንዶውስ ላይ ተርሚናሉ ፊደሉን ካላወጣው አስቀድማችሁ ሲኤችሲፒ 65001 ብላችሁ ወደ ዩቲኤፍ-8 አዙሩት።

ሞጁሉ ራሱ በሁለት ጥቅል ሲገኝ

አንዳንዴ የሚጋጨው የሞጁሉ ስም ነው። ክሪፕቶን የክሪፕቶናይት ቅርንጫፍ ስለሆነ ሁለቱም ክሪፕቶ.ሃሽ የሚባል ሞጁል አላቸው። ሁለቱም በካባል ፋይላችሁ ላይ ካሉ ኮምፓይለሩ ሞጁሉ በሁለት ጥቅል ውስጥ ተገኘ ይላል። በመጀመሪያ አንዱ የግድ የሚያስፈልግ መሆኑን ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አንዱን ከቢልድ-ዲፔንድስ ዝርዝር መሰረዝ ይበቃል። ካልሆነ ሁለት መንገድ አለ። ፓኬጅኢምፖርትስ የተባለውን ማስፋፊያ አብርታችሁ ከሞጁሉ ስም ፊት የጥቅሉን ስም በጥቅስ መጻፍ፦

```
ኢምፖርት ኳሊፋይድ "ክሪፕቶን" ክሪፕቶ.ሃሽ ኤዝ ሃሽ
```

ወይም በካባል ፋይሉ ላይ በሚክሲንስ መስመር ሞጁሉን ሌላ ስም መስጠት፤ ይህ የካባል-ቨርዥን 2.0 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ችግሩ በአንድ ፋይል ብቻ ከሆነ የመጀመሪያው፣ በብዙ ፋይል ከሆነ ሁለተኛው ይቀላል።

የስሪት ወሰንንም እዚሁ አስተካክሉ። በሃስኬል ጥቅሎች የቁጥር ደንብ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሚያፈርስ ለውጥን ያመለክታሉ፣ ሦስተኛው አዲስ ስም መጨመሩን። ኳሊፋይድ አድርጎ ወይም ዘርዝሮ ያስገባ ሰው ሦስተኛው ቁጥር ሲያድግ አይነካውም፤ ስለዚህ የላይኛውን ወሰን በሁለተኛው ቁጥር ላይ ማሰር ይበቃዋል። ሁሉንም በጅምላ ያስገባ ግን በሦስተኛው ቁጥር ላይ ማሰር አለበት፣ አለዚያ አንድ የተጨመረ ስም ኮዱን ሊጥልበት ይችላል።

የቆየ ፋይል ስታጸዱ

በጅምላ ኢምፖርት የተሞላ አሮጌ ፋይል እጃችሁ ከገባ በእጅ አትጀምሩ። ጂኤችሲን ከዲዳምፕ-ሚኒማል-ኢምፖርትስ ማብሪያ ጋር አስኬዱት፤ በሞጁሉ ስም የሚጠራ፣ በ.ኢምፖርትስ የሚያልቅ ፋይል ይወጣል። በውስጡ ከየሞጁሉ በእርግጥ የተጠቀማችሁባቸው ስሞች ብቻ ተዘርዝረዋል። ዝርዝሩ ከአምስት ስድስት ስም በላይ የረዘመበትን ሞጁል ኳሊፋይድ አድርጉት፤ አጭሩን እንዳለ ገልብጡት። ይህ የሚሠራው ፋይሉ ኮምፓይል ሲሆን ስለሆነ የተጋጩትን ስሞች አስቀድማችሁ በሙሉ አድራሻ ጠርታችሁ አሳልፉት።

ከዚያ በኋላ ዎል የተባለውን የማስጠንቀቂያ ማብሪያ አብርታችሁ ደግማችሁ አስኬዱ። ያልተጠቀማችሁበትን ኢምፖርት፣ በውስጥ ስም የተሸፈነ የውጭ ስም፣ የሌለ ነገር የደበቀ ሃይዲንግ ይነግራችኋል። ዎል ውስጥ የማይካተት ነገር ግን ለቡድን ሥራ የምንመክረው ሚሲንግ-ኢምፖርት-ሊስትስ ነው፤ ዝርዝርም ኳሊፋይድም የሌለውን ኢምፖርት ሁሉ ያወጣዋል። ቪኤስ ኮድ ላይ ሃስኬል ላንጉዊጅ ሰርቨር ከተጫነ ግጭቱ ላይ ጠቋሚውን አስቀምጣችሁ አምፖሏን ስትጫኑ ስሙን ወደ ኳሊፋይድ ለመቀየር ወይም አንዱን ለመደበቅ ምርጫ ይሰጣል። ኳሊፋይዱን ምረጡ።

ወደ ሌላ ፈንክሽናል ቋንቋ ለሚሻገሩ

ኦካምል ውስጥ ይህ ኤረር አይመጣም፣ ያ ነው የሚያስፈራው። ሁለት ሞጁል በኦፕን ከተከፈቱ የኋለኛው የፊተኛውን ስም በጸጥታ ይሸፍናል፤ የኦፕን መስመሮችን ቅደም ተከተል መለወጥ የፕሮግራሙን ትርጉም ሊለውጥ ይችላል። ኤፍ ሻርፕም እንዲሁ ነው። በሁለቱም ኦፕንን ቀንሳችሁ ሊስት.ማፕ እያላችሁ በሙሉ ስም ጥሩ፤ ኦካምል ላይ ለጥቂት መስመር ብቻ ካስፈለገ ሌት ኦፕን መከፈቱን በዚያች ቦታ ይገድበዋል። ኤሊክሰር ለሃስኬል ይቀርባል፤ ግጭቱን ፈንክሽኑ ሲጠራ ይናገራል፣ ኦንሊ በሚለው ምርጫም ስሙን ከአርጉመንቱ ቁጥር ጋር ትዘረዝራላችሁ። በስም አንድ ሆነው በአርጉመንት ቁጥር የሚለያዩ ሁለት ፈንክሽኖች እዚያ አይጋጩም።